ከጦይባ ጋር ማን ይደር?

አንድ ጊዜ ነው፤ ሐይቅ አጠገብ ባለች መንደር የምትኖር ጦይባ የምትባል ልጅ ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር አበጠ። ጥርስ ነው ሲባል ሰነበተ። አዲስ አበባ ስትደርስ ሐኪሙ አባቷን ይመርን፣ «ከጡንቻ የሚነሳ የልጆች ካንሰር ነው» አሉት። «ያለበት ቦታ ዋና ዋና ደም ሥሮች ስላሉ ቆርጠን አንጨርሰውም። መድኃኒትና ጨረር ያስፈልጋታል።»

ለጨረሩ ፊቷን አጥብቆ የሚይዝ ጭምብል ከአልጋው ጋር ይቆለፍባት ነበር። ጦይባ ትንፋሿ የሚቋረጥ ይመስላታል። «አባ፣ እንሂድ!» ብላ ስትጮህ ይመር እጆቿን ጨምድዶ ይይዛል። «ብትጠዪኝም አንሄድም!» አፏ ቆስሎ ውሃ ሲያቃጥላት እንኳ በማንኪያ እያስገደደ አጠጣት። እብጠቱ ጠፋ። ጦይባ ዓመት ሙሉ ተማረች፣ ገመድ ዘለለች። አባቷ ሲነካት ግን ትሸማቀቅ ነበር።

ከዚያ እብጠቱ ተመለሰ። ሁሉም «ይሻልሻል» ይላታል፤ ዓይኗን ግን የሚያያት የለም። የእናቷ ወንድም እንድሪስ ሊጠይቃት ሲመጣ፣ «አጎቴ፣ ልሞት ነው?» አለችው።

«አዎ» አለ፤ አብሯትም አለቀሰ። ጦይባ ፍርሃቷን የምትነግረው ሰው አገኘች፤ እንቅልፏን ግን አጣች።

ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዳለ፣ ተስፋው ግን የመነመነ መሆኑን ተናገሩ። ይመር «ይሞከር» አለ። ጦይባ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። «እማ፣ በቃኝ። ቤት ውሰጂኝ።» እናቷ ሰዓዳ ባሏን ሳታማክር ይዛት ወጣች። ጦይባ ቤቷ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር ሳቀች፤ ደጅ ተቀምጣ ፀሐይ ሞቀች። እብጠቱ ግን ጉሮሮዋን ዘጋው።

ቅርብ ያለ ሆስፒታል ወስደዋት አንገቷ ላይ መተንፈሻ ቱቦ ገባላት። ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለችም። እስኪነጋ እንደምትቆይ ሐኪሞቹም አላመኑም። የመጠየቂያ ሰዓት ሲያልቅ ነርሷ መጣች።

«የሚያድረው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው።»

«ያን ዓመት ያኖርኳት እኔ ነኝ» አለ ይመር።

«ሁላችሁም ስትዋሿት ያልዋሸኋት እኔ ነኝ» አለ እንድሪስ።

«በቃኝ ስትል የሰማኋት እኔ ነኝ» አለች ሰዓዳ።

ነርሷ ጎንበስ አለች። «ጦይባዬ፣ ማን ይደርልሽ? በእጅሽ አሳዪኝ።»

ጦይባ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። አንዱን ብትመርጥ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ደጅ እንደቆሙ እንደሚቀሩ ገባት። እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከጦይባ ጋር ማደር የሚገባው ለማን ነው?