ለሽማግሌ እምቢ ያለው ቦርድ

ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን፣ ኮምፒውተር የምትጠግን አንዲት ልጅ ነበረች። የሱቋ አከራይ ጋሽ ልሳነወርቅ ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው ሲሄዱ መንገዱ የሚጠባቸው ሰውዬ ናቸው። አንድ ቀን አሮጌ ኮምፒውተራቸውንና አዲስ ፈጣን ፕሮሰሰር ይዘው ከተፍ አሉ።

ልጅቷ ገጥማ ብታበራው አልነሳ አለ። "ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ የሚገጠምበት ማዘርቦርድዎ አርጅቷል፤ ይሄን አዲስ ፕሮሰሰር አያውቀውም" አለቻቸው።

ጋሽ ልሳነወርቅ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ። "ሁለቱንም የሠራቸው አንድ ኩባንያ ነው! የአንድ ቤት ልጆች እንዴት አይተዋወቁም? አሁኑኑ አሳምኚኝ፣ አለዚያ ሱቄን ለቀሽ ውጪ!"

ሰው ተሰበሰበ። ልጅቷ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ረጅም የግንብ አጥር አየት አደረገች።

"ጋሼ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጋሽ ምህረቱ የማን ልጅ ናቸው?"

"የእናቴ ልጅ! ታናሽ ወንድሜ ነዋ!"

"ታዲያ ለምን አትተዋወቁም? ለዕርቅ ሽማግሌ ቢላክብዎት እንኳ እምቢ አላሉም? እኔም ለቦርዱ ሽማግሌ ልኬ፣ ሶፍትዌሩን አድሼ ለምኜዋለሁ። ምን ያድርግ፣ የእርስዎ ቦርድ ነው፤ እምቢ አለኝ!"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ልሳነወርቅም ሳቅ አመለጣቸውና "በይ ቀይሪው፣ ከሱቁም አትወጪም!" አሉ።

ከአጥሩ ወዲያ "ኧረ ቦርዱን ተዉት፣ ወንድሜን አድሱልኝ!" የሚል ድምፅ መጣ።