በዚህኛው ዳር የተናቀ ዓሣ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልጄ፣ የጠየቅኸኝን የምመልስልህ በእርሱ ነው።

ይህ ሰው በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ክረምት ገብቶ እህል ሲያልቅ መንደሩ ለአቅመ ደካሞችና ለሙት ልጆች ዓሣ በጋራ ይገዛል፤ ዓሣውን የሚመርጠውም እርሱ ነው። ፈሪ ሰው ነበር፤ ከሁሉ የሚፈራው ደግሞ ሐይቁ እንደ ላም እንዳይነጥፍ ነው። ስለዚህ በብርብራ የተያዘ ዓሣ አይቀበልም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ትልቁንም ጫጩቱንም ያሰክራል፤ አጥማጁ ትልቁን ለቅሞ ይሄዳል፣ ጫጩቱ እዚያው ይበሰብሳል። መራጩ የእያንዳንዱን ዓሣ ስንጥብ፣ መተንፈሻውን ማለት ነው፣ ገልጦ ያሸታል፤ ካላማረው ይመልሳል።

አንድ ቀን አንድ አጥማጅ ታንኳ ሙሉ ዓሣ አመጣ። መራጩ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«ብርብራ ነው፤ አልገዛም።»

«ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎስ አፍንጫ ከአዳኝ ውሻ ይበልጣል! እንግዲህ የት ልድፋው?»

«እኔ ምን ቸገረኝ? ለማዶዎቹ ውሰድላቸው። እነርሱ አያሸቱም።»

የቆመው ሁሉ ሳቀ። እርሱም እጄ ንጹሕ ነው ብሎ ቤቱ ገባ።

ሦስት ክረምት አለፈ። የሚመጣው ዓሣ እያነሰ ሄዶ ከጣት የማይበልጥ ሆነ፤ መራጩ ግን ብርብራ እስካልሸተተው ድረስ ይቀበል ነበር። አንድ ጠዋት ሊታጠብ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ድሮ በዚያ ቦታ የዓሣ ጫጩት ቁርጭምጭሚቱን ይለክፈው ነበር። ቆሞ ጠበቀ። ምንም አልነካውም። ውኃው እስከ ታች ጥርት ያለ ባዶ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የሚጠብቀው ሠላሳ አፍ ነው።

በቁጣ ታንኳ ለምኖ ወደ ማዶ ተሻገረ። የማዶው መራጭ አንዲት ባልቴት ነበሩ።

«እትዬ፣ የብርብራ ዓሣ እየገዛችሁ ሐይቁን ጨረሳችሁት!» አላቸው።

ባልቴቲቱ በስንዝር ልክ የተቆረጠች ሸንበቆ አወጡ። «እኛ ከዚህች ያጠረ ዓሣ ገዝተን አናውቅም፤ ገና ያልወለደ ነዋ! አጥማጆቹ ትንንሹን ሲያመጡ፣ ‹ለማዶዎቹ ውሰዱላቸው፣ እነርሱ አይለኩም› እንላቸዋለን።»

መራጩ ሸንበቆዋን ተቀበለ፤ ለእርሳቸውም ስንጥብ ገልጦ ማሽተትን አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ዳር ይለካል፣ በሁለቱም ዳር ይሸተታል፤ እዚህ የተመለሰ እዚያም ገዥ የለውም። አጥማጆቹ ተራገሙ፤ ኋላ ግን ብርብራ መውቀጡን ተዉ። ያን ክረምት ግን ሐይቁ የመገበው ከሠላሳው ግማሹን ብቻ ነበር።

ልጄ፣ የመንግሥት ዕቃ ገዥ ነህ። «የእኛ ሕግ አካባቢን ይጠብቃል፤ ከጎረቤት አገሮች ጋር አንድ መስፈርት እናውጣ ብሎ ይህን ያህል መሰብሰብ ለምን?» አልከኝ። ያ መራጭ አንተ ነህ። ወንዝ በሚመርዝ ፋብሪካ የተሠራውን ወረቀት ስትመልስ ነጋዴው ድንበር ተሻግሮ ይሸጠዋል። ጎረቤትህ ከተጨፈጨፈ ደን የመጣውን ጣውላ ሲመልስ ደግሞ ወደ አንተ ይመጣል፤ አንተ ስለ ጣውላ አትጠይቅማ። ወንዙም ዝናቡም ግን የሁላችሁም አንድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለቱ መራጮች ለመገናኘት ሦስት ክረምት መፍጀታቸው ነው። እንግዲህ ሂድና ከጎረቤት አገሮች ገዥዎች ጋር ተቀመጥ፤ መጀመሪያም፣ «እናንተ የማትገዙት የቱን ነው? ወዴትስ ይሄዳል?» ብለህ ጠይቃቸው። መልሱን ስትሰማ አትቆጣ፤ ፍራ።