ከበባው ሲነሳ

አንድ ሰው በኢየሩሳሌም ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። እንደኛው ያለ ሰው ነበር።

ቤቱ ውስጥ ዔግላ የምትባል ዕብራዊት ባሪያ ነበረችው። ሕጉ ስድስት ዓመት ካገለገለች በሰባተኛው ልቀቃት ይላል። ሰባተኛው ዓመት መጥቶ ካለፈ ቆይቷል። ሰውየው ሕጉ ጠፍቶት አይደለም፤ "ከመከሩ በኋላ" ይል ነበር። መከር ግን በየዓመቱ አለ።

ከዚያ ባቢሎናውያን ከተማዋን ከበቡ። እህል ጠፋ። ሞት ቅጥሩ ሥር ሲደርስ ሕጉ ለሁሉም ትዝ አለው። የከተማው ሰው በእግዚአብሔር ቤት ተሰብስቦ ባሮቹን ሊለቅ ማለ። እንደ አገሩ ልማድ አንድ ወይፈን ለሁለት ተሰንጥቆ ግራና ቀኝ ተጋደመ፤ ሰዎቹም በመካከሉ አለፉ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ቃሌን ብበላ እንደዚህ ወይፈን ልሰንጠቅ። ሰውየውም አለፈ። ጫማው በደም ራሰ።

ቤት ሲገባ፣ "ሂጂ፤ ነፃ ነሽ" አላት።

ሚስቱ ሐሙጣል በሹክሹክታ፣ "ይሁና፤ አንድ አፍ ተቀነሰልን" አለች።

ሰንበትበት ብሎ የግብፅ ጦር መጣ ተባለ። ባቢሎናውያን ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። የከተማው በር ተከፈተ፤ እህል ገባ። እህል ደግሞ መፈጨት አለበት። ሐሙጣል ጥቂት ቀን ፈጭታ የተላጠ መዳፏን ባሏ ፊት ዘረጋች። "አሁን ባሪያዋ እኔ ሆንኩ?"

ሰውየው ዔግላ ተጠግታ ወደምትኖርባት ጎጆ ሄደ።

"ተነሺ፣ እንሂድ።"

"ወዴት ጌታዬ?"

"ወደ ቤትሽ።"

"ቤቴ ይኸው።"

"ምላስሽ ረዝሟል!"

"ምለው አልነበር እንዴ? በወይፈኑ መካከል አልፈው?"

"ያኔ ከተማው ተከቦ ነበር።"

"እግዚአብሔርም ከከበባው ጋር አብሮ ሄደ?"

ክንዷን ጨብጦ ጎተታት። መንገድ ላይ ጎረቤቱን አገኘው፤ እሱም የራሱን ባሪያ እየጎተተ ነው። ተያዩ፤ አልተፋፈሩም። ለምን ይፈሩ? ሁሉም ያደርገዋል።

ያን ጊዜ ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ቃል ይዞ መጣ፦ ለወንድሞቻችሁ ነፃነት ነፈጋችሁ፤ እንግዲህ እኔ እናንተን ነፃ እለቃችኋለሁ። ለሰይፍ፣ ለቸነፈር፣ ለረሃብ።

ባቢሎናውያን ተመለሱ። ቅጥሩ ፈረሰ፤ ከተማዋም በእሳት ተያያዘች። ሰውየው በገዛ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ዔግላስ? ወፍጮው ላይ ነበረች። እሳት ባሪያና ጌታ አይለይም። የሚያጽናና ፍጻሜ ጠብቃችሁ ከሆነ፣ የለም። የእኛ አለመታዘዝ የሚያቃጥለው እኛን ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለ!

ወገኖቼ፣ እናንተ ቃል የገባችሁት መቼ ነው? ልጃችሁ ኦክስጅን ተሰክቶለት ሳለ አይደለም? ምን አላችሁ? "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ብቻ አድንልኝ፤ በሐሰት ምስክር የወሰድኩትን የወንድሜን መሬት እመልሳለሁ።" ልጁ ዳነ። መሬቱስ? አጥር ዞሮበታል። "ቤቴ የምትሠራውን ልጅ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ" አላችሁ። ዛሬ እናንተ እዚህ ናችሁ። እሷ የት ናት?

"ጊዜው አልተመቸኝም፤ እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል" ትላላችሁ። አዎ፣ ያውቃል። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ዛሬ አታልቅሱ፤ ዕንባ የጠየቃችሁ የለም። አሜን ለማለትም አትቸኩሉ። አሜንማ እነሱም ብለው ነበር። ሂዱና የያዛችሁትን ልቀቁ።