በጉም ውስጥ ድምፁን ያጣው ጭላዳ

ድሮ ድሮ፣ ስሙን የሚያስታውስ በሌለ አገር፣ ከላይ ገደል፣ ከታች ሸለቆ ነበር። በገደሉ ጭላዳዎች፣ በሸለቆው ሾላ ላይ ጦጣዎች ይኖሩ ነበር። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ አነጋገራቸው ግን ለየቅል። ጭላዳ ከደረቱ፣ ረጋ ብሎ፣ የቃሉን ጫፍ እየጎተተ ይናገራል። ጦጣ ከምላሷ ጫፍ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቃሉን እየቆረጠች ትናገራለች።

ጭላዳዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። ጉም ሲወርድ ዘበኛው አያ ጎፈር ድንጋይ ይዞ በገደሉ አፍ ላይ ይቀመጣል። የመጣውን ሁሉ እንዲህ ይለዋል፦

«ጉም ነው፣ ዓይን የለም፤ ድምፅህን አሰማ!»

የመጣውም ከደረቱ «የገደል ነኝ!» ይላል። ድምፁ የገደል ከሆነ ይገባል፤ ካልሆነ ድንጋይ ይወርድበታል። ሕጉ በከንቱ አልወጣም። አንድ ጊዜ አያ ነብሮ በጉም ተከልሎ፣ የጭላዳን ድምፅ አስመስሎ ገብቶ፣ የአያ ጎፈርን የመጀመሪያ ልጅ ከእናቷ ጉያ ነጥቆ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ አያ ጎፈር ብዙ አይናገርም። ጆሮው ግን አይተኛም።

ከዚያ በኋላ አንዳርጌ የሚባል ልጅ ወለደ። አንዳርጌ ጎረምሳ ሲሆን ሣር መንጨት ሰለቸው። ሾላ ሲበስል ሽታው እስከ ገደሉ ይወጣልና፣ አንድ ቀን ሽታውን ተከትሎ ወረደ።

«እንደምን ዋላችሁ» አላቸው የጦጣ ወጣቶችን፣ እንደ አባቱ ረጋ ብሎ።

ጦጣዎቹ በሳቅ ከዛፉ ሊወድቁ ደረሱ።

«ኧረ ስሙት! ቃሉን ተሸክሞ ነው እንዴ የሚያወጣው?» አለች ሽብሬ የምትባል አፈኛ ጦጣ።

«አንተ የገደል ልጅ፣ ሰላምታህን እስክትጨርስ ሾላው ይበሰብሳል!» አለ ሌላው።

አንዳርጌ የዚያን ቀን አንድም ቃል ሳይተነፍስ በልቶ ተመለሰ። በማግስቱ ግን ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ። ቃሉን ቆረጠ፣ ድምፁን አቀጠነ። እየዋለ እያደረ ሲሄድ ሽብሬ ጀርባውን መታ አድርጋ፣ «አሁንስ ከኛ ነህ!» አለችው። ከሾላው ይልቅ ይቺ ቃል ጣፈጠችው።

ቤቱ ሲገባም አነጋገሩን አልመለሰም። ታናናሾቹ ሳቁበት።

«ቤትህ ስትመጣ ጉሮሮህን ይዘህ ና» አለው አባቱ።

«አባዬ፣ የናንተ አነጋገር ያሳፍራል።»

አያ ጎፈር ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ አንዳርጌ ማደሪያውን ከሾላው ሥር አደረገ።

አንድ ቀን እናቱ በገደሉ ጠርዝ ቆማ፣ «አንዳርጌ ሆይ! ልጄ ሆይ!» እያለች ተጣራች። ድምፅዋ እየተጎተተ ሸለቆውን ሞላው።

«ያቺ የምትጮኸው ማናት?» አለች ሽብሬ።

«እኔ እንጃ፤ አላውቃትም» አለ አንዳርጌ ቶሎ ብሎ።

እናቱ ጥቂት ጠብቃ ተመለሰች። አንዳርጌ በአፉ የያዘውን ሾላ ተፋው።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ገና ሳይመሽ ጉም ሸለቆውን ሸፈነው፤ የነብር ሽታም መጣ። ጦጣዎቹ ወደ ቀጭኑ ቅርንጫፍ ሸሹ። አንዳርጌ ሊከተላቸው ሲወጣ እንጨቱ ተንቋቋ።

«ውረድ! ትሰብርብናለህ!» ብላ ጮኸች ሽብሬ።

«ከኛ ነህ ብለሽኝ አልነበር?»

«ስታወራ ከኛ ነህ፤ ስትከብድ የገደል ነህ። ወደ ቤትህ ሂድ!»

አንዳርጌ ወደ ገደሉ ሮጠ። ዓይኑ እጁን እንኳ አያይም። ከኋላው ጠጠር ሲንሸራተት ይሰማዋል። የገደሉ አፍ ሲደርስ ያ የሚያውቀው ድምፅ ከላይ መጣ፦

«ጉም ነው፣ ዓይን የለም፤ ድምፅህን አሰማ!»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ አንዳርጌ!» አለ። ቃሉ ከምላሱ ጫፍ ተቆርጦ ወጣ።

«ስሙንማ እናቱ ስትጣራ ሸለቆው ሁሉ ሰምቶታል። ድምፅህን አሰማ!»

አንዳርጌ ደረቱን ነፍቶ «የገደል ነኝ!» ሊል ሞከረ። የወጣው ድምፅ ግን ጭላዳን የሚያስመስል የሌላ አውሬ ድምፅ ሆነ። አያ ጎፈር ይህን ዓይነት ድምፅ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ድንጋዩን ለቀቀው።

ድንጋዩ የአንዳርጌን ትከሻ መትቶ ከቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ጣለው። ተከትሎ የወረደው ናዳ ነብሩን መለሰው። አንዳርጌ እሾህ ውስጥ ተቀምጦ ከላይ የወገኖቹን ማንኮራፋት፣ ከታች የጦጣዎቹን ሹክሹክታ ይሰማ ነበር። ሁለቱንም ያውቃል። ወደ ሁለቱም መጣራት ግን አልቻለም። ብቻውን አደረ።

ሲነጋ ጉሙ ተገፈፈ። መጀመሪያ ያየችው እናቱ ናት፤ ጩኸቷ ገደሉን ሁሉ አስነሣ። አያ ጎፈር ወርዶ ልጁን አየ። ቀጥሎ አጠገቡ የወደቀውን ድንጋይ አየ።

«ድንጋዩ የኔ ነው» አለ።

«ድምፁ የኔ አልነበረም» አለ አንዳርጌ፣ ረጋ ብሎ፣ ከደረቱ።

አባቱ በጀርባው አዝሎት ወጣ።

የአንዳርጌ ትከሻ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አነጋገሩም አልሆነም። የገደል ልጆች «ሾላው መጣ!» ይሉታል። ጦጣዎቹም መጥተው አልጠየቁትም። ጉም ሲወርድ ከአባቱ ጎን ይቀመጣል። አያ ጎፈር እንደ ወትሮው «ድምፅህን አሰማ!» ይላል። ድምፁ እንግዳ ከሆነ ግን እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ወደ ልጁ ይዞራል። ያኔ አንዳርጌ ወደ ጉሙ ጎንበስ ብሎ፣ መጀመሪያ ረጋ ብሎ፣ ቀጥሎም ቶሎ ብሎ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። መልስ እስኪመጣ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

ለዚህ ነው አባቶች፦

ድምፁን የጣለ ደጅ ያድራል፤
ድምፅ ብቻ የሚሰማ ልጁን ይወግራል፤

የሚሉት።