የአቶ ተካልኝ ልጆችና የተከፈተው ካርድ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አቶ ተካልኝ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ምንተስኖት የተበላሸ ነገር ፈትቶ የሚገጥም እጅ ነበረው። መካከለኛዋ ሶስና ሥዕል ትሥላለች፤ የሣለችውንም በኮምፒዩተር እንዲንቀሳቀስ ታደርጋለች። ታናሹ ይትባረክ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ እያፈላለገ የእህቱን ደንበኞች የሚያነጋግር፣ ሰው ፊት መቆም የማይከብደው ወጣት ነበር።

አቶ ተካልኝ ከመሞታቸው ከአምስት ወር በፊት አዲስ አበባ ሄደው አንድ ግራፊክስ ካርድ ገዝተው መጡ። ሥዕል የሚያንቀሳቅስ ኮምፒዩተር ያለዚህ ካርድ አቅም የለውም። ካርዱ የሁለት ዓመት ዋስትና ነበረው። ከጀርባው አንዱ ብሎን ላይ ትንሽ ነጭ ማኅተም ተለጥፏል፤ ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትናው እንደሚቀር ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አባትየው «ለሦስታችሁም ነው» አሉና አስረከቧቸው። ወረቀቱን ሶስና ተቀብላ ከሰነዶቻቸው ጋር አስቀመጠችው።

አባታቸው ባረፉ በመንፈቁ ይትባረክ አንድ ሥራ ይዞ መጣ። መምህርት ዘይነባ መስማት የተሳናቸው አሥራ አራት ሕፃናትን ያስተምራሉ፤ ለልጆቹ የሚሆን መጽሐፍ ግን አልነበራቸውም። የፈለጉት በምልክት ቋንቋ ቃላት የሚያስተምሩ ሠላሳ አጫጭር የሥዕል ፊልሞች ነው። የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች ሐምሌ አንድ ቀን መጥተው ማስተማሪያውን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል። የሚታይ ነገር ከሌለ ክፍሉ በመስከረም አይከፈትም፤ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። መምህርቷ ይህን ሲናገሩ «ቤታቸው ውስጥ የሚያናግራቸው ሰው የለም እኮ» አሉ።

ሶስና ሁለት ወር ሙሉ ሣለች። ሰኔ አጋማሽ አልፎ የቀረው ኮምፒዩተሩ ሥዕሎቹን አገጣጥሞ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣቸው መጠበቅ ብቻ ነበር። ለአንዱ ፊልም አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ድሬዳዋ ግን በሰኔ እሳት ናት። ከካርዱ ሁለት ማራገቢያዎች አንዱ ከመጀመሪያም ሲሽከረከር ይንገጫገጭ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ቆም እያለ ይነሣል። የካርዱ ሙቀት ዘጠና ምናምን ዲግሪ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ራሱን ያጠፋል፤ የተጀመረውም ፊልም ከንቱ ይቀራል። አሥር ቀን ሲቀር ያለቁት አራት ብቻ ነበሩ።

ይትባረክ አዲስ አበባ ላለው አስመጪ ደወለ። «አምጡትና እናየዋለን፤ ምርመራው ሦስት ሳምንት ይወስዳል» አሉት።

ምንተስኖት «ስጡኝና ልክፈተው» አለ። «ትልቅ ማቀዝቀዣ እገጥምለታለሁ።»

«ማኅተሙስ?» አለች ሶስና።

«ማኅተሙ ይቀደዳል።»

«እንግዲያው አይነካም።»

ምንተስኖት አልገፋም። እሱም ቢሆን የሚያሳስበው ነገር ነበረው። ያው አስመጪ ድርጅት ድሬዳዋ ላይ የጥገና ባለሙያ ሊቀጥር ፈልጎ፣ ምንተስኖት ፈተናውን አልፎ የቅጥር ደብዳቤ እየጠበቀ ነበር። ማኅተም መቅደድ ምን ማለት እንደሆነ ከሁለቱም ይበልጥ ያውቃል።

ያን ጊዜ ሶስና አንድ ነገር አደረገች። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታ ሐረማያ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ሐረማያ ሰው በሰኔም ሹራብ ይለብሳል። መስኮቱን ከፍታ፣ ኮምፒዩተሩን ነፋሱ በሚገባበት ቦታ አስቀምጣ በሦስት ቀን አሥራ አንድ ፊልም አወጣች። አንድ ብሎን አልነካችም። በአራተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በአምስተኛውም አልመጣም። በስድስተኛው ቀን ኮምፒዩተሯን አቅፋ፣ መንገዱ እያንገጫገጫት ወደ ሙቀቱ ተመለሰች። አሥራ አምስት ፊልም ይቀር ነበር፤ ቀኑ ደግሞ አራት።

እንደተመለሰች ለመምህርት ዘይነባ ሥራው ሊደርስ እንደማይችል ልትነግራቸው ሄደች። ያን ጊዜ ደግሞ ምንተስኖት አንድ ነገር አደረገ። ካርዱን አውጥቶ ማኅተሙን ቀደደ። ውስጡ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ተሰነጣጥቆ አገኘው። በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ ሁለቱን ማራገቢያዎች አንሥቶ ከአሮጌ ማሽን የተፈታ ወፍራም አሉሚኒየም ገጠመበት፤ በላዩ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች በሽቦ አሰረ።

ሶስና ስትመለስ ብሎኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው አየች። የተቀደደውን ማኅተም አነሣች። «አባዬ የገዛው ነው፣ ምንቴ» አለች። «ቢቃጠል ማን ይተካልናል?»

«ከተቃጠለ ምንተስኖት ከፍቶት ነው በይ» አላት።

ኮምፒዩተሩ ተነሣ። ሙቀቱ ስልሳ ሰባት ላይ ቆመ፤ ከዚያም አላለፈም። አሥራ አምስቱም ፊልሞች በሦስት ቀን አለቁ።

ሐምሌ አንድ ቀን ኃላፊዎቹ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ በሚታየው ፊልም የተሣለችው ልጅ እጇን አንሥታ «ውሃ» የሚለውን ምልክት ስታሳይ፣ ኢፍቱ የምትባል የሰባት ዓመት ሕፃን ከወንበሯ ተነሥታ ምልክቱን ደገመችው። ከዚያም ወደ ውሃው ጀሪካን ጠቆመች። መምህርት ዘይነባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ክፍሉ እንዲቀጥል ተፈቀደ።

ከዚያ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ካርዱ ሞተ። የኮምፒዩተሩ ስክሪን በመስመር ተሞላና ጠቆረ። ምንተስኖት ሲያጠብቀው ከመጠን በላይ ተጭኖት ይሆናል። የደንገጎ መንገድ ሲያንገጫግጨው አንድ ነገር ተላቆበትም ይሆናል። ወይም ከመጀመሪያው በዚያ በማይረባ ማራገቢያ ሲቃጠል ከርሞ ዕድሜው አልቆ ይሆናል። ይህን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሶስና የዋስትናውን ወረቀት አወጣች። ገና አሥር ወር ያህል ቀርቶታል። «ማራገቢያው ሲመጣም ጤነኛ አልነበረም» አለች። «መብታችን ነው።» ምንተስኖት አሮጌዎቹን ማራገቢያዎች መልሶ ገጠመ። ሶስና ደግሞ የተቀደደውን ማኅተም አስመስላ ሣለች፤ ማተሚያ ቤት ወስዳ ተለጣፊ ወረቀት ላይ አሳተመችና ብሎኑ ላይ ለጠፈችው።

ምንተስኖት አየው። «ይኼ ደስ አላለኝም» አለ።

«አንተ ቀደድከው፣ እኔ መለስኩት» አለችው። እሱም ዝም አለ።

ካርዱን አዲስ አበባ የሚያደርሰው ይትባረክ ነበር። ሶስና በር ላይ «ከጠየቁህ አልተከፈተም በል» አለችው። እሱም ካርዱን ይዞ ወጣ።

አስመጪው ቢሮ ውስጥ ባለሙያው ካርዱን ገለባብጦ አየ። «ተከፍቶ ያውቃል?»

ይትባረክ በመንገዱ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር የመጣው። «አዎ፣ ተከፍቷል» አለ።

«ማኅተሙ ደኅና ነው እኮ።»

«ማኅተሙ የእናንተ አይደለም።»

ባለሙያው ካርዱን እንደገና ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየው። «ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። ጭራሽ ለሞተ ካርድ ምርመራ አያስፈልገንም፤ ዛሬውኑ አዲስ ተክቼልህ ትሄድ ነበር» አለና ሥራ አስኪያጇን ወይዘሮ ፀዳለን ጠራ።

«ማን ነው የከፈተው?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«ታላቅ ወንድሜ። ምንተስኖት ተካልኝ።» ስሙ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

«ለድሬዳዋው ሥራ ያለፈው ምንተስኖት?»

ይትባረክ አንገቱን ደፋ። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ቀነ ቀጠሮው፣ ስለሚቆመው ማራገቢያ ሁሉንም ነገራቸው። ማኅተሙን የሠራችው ሶስና መሆኗ ግን አፉ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ወንድሙን አሳልፎ ከሰጠ በኋላ እህቱን መጨመር አልቻለም።

ወይዘሮ ፀዳለ ካርዱን ተቀብለው ማራገቢያውን በጣታቸው አዞሩት። «የዚህ ማራገቢያ ነገር ከሌሎችም ሰምተናል፤ የሆነውን እንዲህ በቀጥታ የነገረን ግን የለም። የአባትህ ዋስትና ፈርሷል። በራሴ ኃላፊነት አንድ አዲስ ካርድ እሰጥሃለሁ። ወንድምህን ግን አልቀጥረውም። ማኅተም አስመስሎ ለሚሠራ ሰው የድርጅቱን ማኅተም ላስረክበው አልችልም።» ከካርዱ ጋር አዲስ የዋስትና ወረቀት ሰጡት። «ይኼ በአንድ ሰው ስም ነው የሚመዘገበው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እሱ ብቻ ነው። ተነጋገሩና በአንድ ወር ውስጥ ስሙን ላኩልኝ።»

ይትባረክ ቤት ገብቶ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ። ምንተስኖት አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሲያይ ቆየ። ሶስና ስልኳን አነሣች። «ደውዬ ማኅተሙን የሠራሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?» አላት ምንተስኖት። «የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ተለጥፎም አይቼ ዝም ብያለሁ።»

ስልኩን አስቀመጠችው። እስከ ዛሬም አልደወለችም።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ መሥራት አልሆነላቸውም። ምንተስኖት ለብቻው የጥገና ሱቅ ሊከፍት አስቧል፤ የደንበኞቹን ኮምፒዩተር የሚፈትንበት ጤነኛ ካርድ ያሻዋል። ይትባረክ አዲስ አበባ የፊልም ቅንብር ሊማር ተቀባይነት አግኝቷል። ሶስና ለልጆቹ የሁለተኛ ክፍል ፊልሞችን ጀምራለች። ካርዱ ለሦስቱም ያስፈልጋቸዋል፤ ለሦስት ግን አይከፈልም።

ምንተስኖት እንዲህ ይላል፦ «ባልከፍተው አሥራ አራቱ ልጆች ዛሬ ቤታቸው ነበሩ። ሥራዬን ያጣሁት እኔ ነኝ። ባልሠራሁት ማኅተም ስሜ ጠፍቶ እንኳ የማንንም ስም አላነሣሁም። ይትባረክ ዝም ቢል ደግሞ ካርዱም ይመጣ ነበር፣ ደብዳቤዬም ይደርሰኝ ነበር።»

ሶስና ደግሞ፦ «ፊልሞቹን የሣልኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንዱን ማኅተም ሳልነካ አውጥቻለሁ። ወረቀቱን ባላስቀምጥ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ነገርም አልነበረንም። የዋሸሁት የአባቴ ስጦታ እንዳይቀር ብዬ ነው። ካርዱ ወደ ሌላ ቢሄድ ልጆቹ በአንደኛ ክፍል ይቀራሉ።»

ይትባረክ የሚናገረው ጥቂት ነው፦ «ሌባ ሆኜ አልመጣሁም። ካርዱን የሰጡን እውነቱን ስለነገርኳቸው ነው። ምንቴን መጉዳቴን አውቃለሁ። ግን ዋሽቼ ይዤው ብመጣ ማናችን ነን ደስ ብሎን የምንሠራበት?»

ጉዳያቸውን ወደ መምህርት ዘይነባ ወሰዱት። መምህርቷ ሦስቱንም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ከሦስታችሁም የተጠቀምኩ ሰው ነኝ። ከፍታችሁም፣ ተሸክማችሁም፣ ተናግራችሁም ክፍሌ ተርፏል። በዚህ ላይ የሁለተኛ ክፍል ፊልሞቹን እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው ሸኟቸው።

ወረቀቱ አሁን ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀኑ ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ የስም ቦታው ባዶ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከሦስቱ የማንን ስም ትጽፉበት ነበር?