ሩጫውን የተወው ቃል

ፖላንድ ውስጥ መስፍን ቦጉስዋቭ የሚባሉ በዘራቸው የሚመጻደቁ ጌታ ነበሩ። በአንድ ግብዣ ላይ አሥራ ሁለት ትውልድ ቆጥረው ሲያበቁ፣ ለድግሱ ዱቄት ያመጣችውን ባለወፍጮ ሴት አዩና፣ "አንቺ እንኳን የራስሽን፣ የምትናገሪውን ቃል ዘር አታውቂም! እስቲ በቋንቋችን 'በጣም' ለማለት 'ባርድዞ' እንላለን፤ የዚህ ቃል አያት ማነው? ካቃተሽ ወፍጮሽን እወርሰዋለሁ" አሏት።

እንግዶቹ ከወዲሁ ይንከተከቱ ጀመር። ሴትዮዋም ዱቄቷን ከፊቷ ጠራርጋ፣ "አውቀዋለሁ ጌታዬ" አለች። "አያትየው 'በፍጥነት' ማለት ነበር፤ ሲሮጥ የሚደርስበት አልነበረም። የልጅ ልጁ ግን ሩጫውን ተወና፣ ሥራው 'በጣም ትልቅ፣ በጣም ክቡር' እያሉ መንፋት ብቻ ሆነ። ምነው ጌታዬ፣ ስለ ገዛ ዘመድዎ እኔን ይጠይቃሉ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የወፍጮውን ነገር ዳግመኛ ያነሳ አልነበረም።