የዝገት ልቅሶ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን የሣለው ሠዓሊ እንኳ በውል በማያውቀው ጊዜ፣ ብረት ሜዳ የምትባል ከተማ ነበረች። የምትገኘው በአንድ ባለሥዕል የጀግና መጽሔት ውስጥ ብቻ ነው። በሯ ብረት፣ ድልድይዋ ብረት፣ በየእትሙ ሽፋን ላይ ደረቱን ነፍቶ የሚቆመው ጀግናዋ መከታም ከራሱ እስከ እግር ጥፍሩ ብረት ለባሽ ነበር። በዚያች ከተማ ሽፋን ላይ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ክፉ ሰውም ነበረ። ዝገት ይሉታል። በባዶ እጁ የነካው ብረት ሁሉ ዝጎ ይረግፋል። ትልልቆቹ ክፉዎች ከተማዋን ሊያጋዩ ሲነሱ፣ እሱ የሱቅ ቁልፍ አርግፎ ዘይትና ዱቄት ይዞ ይሮጣል። ሠዓሊውም ገጹ ታች፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ ቦታ ይሰጠውና ያልፈዋል። ሲሞት እንኳ ያው ጥግ አልተለወጠለትም።

አሟሟቱ እንዲህ ነው። ከትልልቆቹ ክፉዎች አንዱ መከታን ከድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ገፈተረው። የብረት ልብሱ ቁልቁል ይጎትተው ጀመር። ሕዝቡ ድልድዩ ላይ ቆሞ ኡኡ ሲል፣ ዝገት ጓንቱን አውልቆ ዘለለ። ውኃው ውስጥ ልብሱን ነካው፤ ብረቱ ረገፈ፤ መከታ ቀሎት ወደ ላይ ወጣ። ዝገት ግን ዋና አያውቅም ነበር።

በማግስቱ የሰፈሩ እድር ዳኛ አቶ ሸዋንግዛው ማንንም ሳያማክሩ ድንኳን አስተከሉ። ሟቹ የእድሩ አባል አልነበረም። አባል ያልሆነው ደግሞ በእሳቸው ምክንያት ነው። ገና ዝገት ሳይባል፣ አንዳርጌ የሚባል ትሁት ጎረምሳ ሳለ፣ ጓንቱን አጥልቆ ስብሰባቸው ላይ መጥቶ ነበር።

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እኔንም አስገቡኝ» አለ።

ተሰብሳቢው ሳቀ። የድንኳኑ ቋሚዎች ብረት ናቸው። አካፋውም ዶማውም ብረት ነው። ይህ ልጅ አንዱን ቋሚ ቢነካ ድንኳኑ ሐዘንተኛው ራስ ላይ አይወድቅም? አቶ ሸዋንግዛው አልሳቁም፤ ግን «ልጄ፣ ንብረቱ የሕዝብ ነው» ብለው መለሱት። ያን ጊዜ ነገሩ ትክክል መስሏቸው ነበር። አሁን በእነዚያው ቋሚዎች ሥር ቆመው ሲያስቡት አፈሩ።

እፍረቱ ሳይለቃቸው ሌላ ጣጣ መጣ። ለቀስተኛው ደጁን ሞልቶ ቆሟል፤ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ የሚያጽናናው ሰው ግን አጣ። ሟቹ የሥጋ ዘመድ የለውም። አንድ ፍራሽ ተጠቅልሎ በዳኛው ብብት ሥር አለ። በዚያ ላይ የሚቀመጠው ሰው ባለ ሐዘን ይባላል፤ ሰው ሁሉ ጎንበስ የሚለውም ለእሱ ነው። ይህን ፍራሽ ሦስት ሰዎች ጠየቁት።

መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ የሻረግ ነበሩ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳርጌን እናቱ ስትሞትበት ከጎረቤት አንስተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ማንኪያ በእጁ ሲረግፍ በእንጨት ጭልፋ አበሉት። የገዛ የቆዳ ቦርሳቸውን ቀደው የመጀመሪያ ጓንቱን የሰፉለትም እሳቸው ናቸው። በኋላ ስሙ በክፉ ሲነሳ ሰው ቤታቸው ላይ ድንጋይ ወረወረ፤ ሴት ልጆቻቸውን የሚያገባ ጠፋ። ወይዘሮ የሻረግም አደባባይ ወጥተው «ልጄ አይደለም፤ አላውቀውም» አሉ። አንዳርጌ ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ሰማቸው። ደጃቸውን ዳግም አልረገጠም።

«ክጄዋለሁ» አሉ ለዳኛው። «ሌሎቹን ላድን ብዬ እሱን ጣልኩት። እናትነቴ ግን በዚያ ቀን አልቀረም፣ ሸዋንግዛው። ብቀመጥ ለማልቀስ ነው እንጂ ለክብር አይደለም።»

ቀጥላ የመጣችው ዘርትሁን ናት፤ የስርቆት ጓደኛው። በር ሁሉ ሲዘጋበት የከፈተችለት እሷ ነበረች። ከከተማው ጫፍ በተጣለ አሮጌ የእንጨት ጎጆ ውስጥ አብረው ኖሩ። እዚያ ቤት ምስማር እንኳ አልነበረም፤ ጉትቻዋን ሳይቀር አውጥታ ጥላ፣ እሱ ጓንቱን አውልቆ የሚኖርበት ቤት ሠራችለት። ይሁን እንጂ የትኛው ሱቅ እንደሚሰበር የምትመርጠውም እሷው ነበረች። ልተው ባላት ቁጥር «የዛሬን ብቻ» ትለዋለች። ማግስቱም ያው ዛሬ ይሆናል።

«ሌባ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም» አለች። «ግን ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ከእኔ በቀር ባዶ እጁን የያዘ ሰው ካለ ይምጣና ይቀመጥ።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። የመጣ የለም።

ከሁሉም ኋላ አንድ ከሲታ ሰው ገባ፤ የሚያውቀው አልነበረም። መከታ ነበር፤ ያለ ብረት ሲታይ ትከሻው ጠባብ ነው። ዝገት የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። አንዳርጌን እንደ ተራ ሌባ ይዞ ለጋዜጠኞች ሲያቆም፣ ለጨዋታ ያህል «ዝገት በሉት» አለ። ከዚያ ወዲያ አንዳርጌ ብሎ የጠራው፣ ሥራ የሰጠውም አልተገኘ። ግን ሬሳውን ከወንዝ አውጥቶ፣ መኪና ቢቀርብለት እንኳ እምቢ ብሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው መከታ ነው። ከተማው አዲስ የብረት ልብስ ሲያሠራለትም «ከእንግዲህ አለብስም» ብሎ መለሰው።

«ስሙን አበላሸሁበት» አለ። «እሱ ግን የኔን ሞት ሞተልኝ። እኔ ካልተቀመጥኩለት በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?»

አቶ ሸዋንግዛው ጨነቃቸው። «ሦስታችሁም አብራችሁ ብትቀመጡስ?» አሉ።

«ሌባ ካደረገችው ጋር?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

«ካሳደደው ጋር?» አለች ዘርትሁን።

መከታ ወይዘሮ የሻረግን አየና አንገቱን ደፋ። «እናት ናቸው፤ ክፉ አልናገርም» አለ። «ግን በሕይወቱ ‹አላውቀውም› ብለውታል። በሞቱ አብሬያቸው ተቀምጬ ያንን ቃል አላስረሳም።»

ለቀስተኛውም ለሦስት ተከፈለ። ያሳደገ ይቀመጥ የሚል አለ፤ እስከ መጨረሻው ያልተለየ የሚል አለ፤ የሞተለት ሰው የሚልም አለ። ሦስቱም እውነት ነበራቸው፤ ሦስቱም ደግሞ ልጁን በየፊናቸው በድለውታል። ዳኛው ከሦስቱ አንዱን «አንተ አትገባም» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ያ ቃል ከዚህ በፊት ከአፋቸው የወጣ ስለነበር ዘጉት።

ያን የስብሰባ ዕለት አንዳርጌ ወዲያው አልሄደም ነበር። ደጁ ላይ ዞሮ ቆሞ፣ ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲህ ብሏቸው ነበር፦

«ድንኳኑን አልነካም፣ ጋሽ ሸዋንግዛው። እኔ ስሞት የሚቀመጥልኝ ሰው እንዳላጣ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ገና ልጅ ነህ፤ እሱን ያኔ እናየዋለን» ብለው ሸኙት።

ያኔው እነሆ ደረሰ። ለቀስተኛው ቆሞ ደክሞታል፤ ሦስቱም ዓይናቸውን ዳኛው ላይ ተክለዋል። አቶ ሸዋንግዛው ፍራሹን መሬት አውርደው ማሰሪያውን ፈቱ፤ ግን አልዘረጉትም። ሠዓሊውም ታሪኩን እዚያው ጥግ ላይ ተወው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ፍራሹ ለማን ይነጠፍ?